እናቴን ይዤ ዘንገና

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። "ለጥቂት ቀን ዕረፍት እንውጣ" ስላት ነገሩ አልገባትም። "እሑድ አለ፣ በዓል አለ። ሌላ ምን ዕረፍት ትላለህ?" አለችኝ።

እኔ ከጀርመን የመጣሁት ለ3 ሳምንት ነው። ቤት ከተቀመጥን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ስትቀበልና ቡና ስታፈላ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ወደ ኮሶበር (እንጅባራ)፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዣት ሄድኩ። እናቴ ባሕር ዳር በሄደች ቁጥር በአውቶቡስ በአጠገቡ አልፋለች። ወርዳ ግን አይታው አታውቅም።

ከውጭ መጥታችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ መውጣት ለምታስቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ነገር ነው፤ እናቴን እንዴት ያዟት?

በረራው ብዙ ወሬ የለውም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከውጭ የምትመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የሀገር ውስጡን ትኬት አብራችሁ ቁረጡ፤ ዋጋው ይቀንሳል። ከባሕር ዳር እስከ ኮሶበር 118 ኪሎ ሜትር ነው። በመራዊና በዳንግላ አድርጎ አዲስ ቅዳም ሲደርስ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ታያላችሁ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ ነው የሚሸጠው። እኔ መጀመሪያ ወደ ቤት ስወርድ በዚያ አለፍኩ፤ ከእናቴ ጋር ግን የሄድነው ከታች በቡሬ በኩል ነው። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ካለ ዘመድ ጠይቁ። የምትጓዙትም በቀን ይሁን።

መኪና ከነሹፌሩ ነው የተከራየሁት። ዋጋ ስትነጋገሩ "ነዳጅ በማን ነው? የሹፌሩ አበልና አልጋስ?" ብላችሁ ቁርጡን እወቁ። ነዳጅ ሲጠፋ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ስለዚህ ማታውኑ ይሞላ። የእኛ ሹፌር ወጣት ልጅ ነው። እናቴ ከኋላ ልትገባ ስትል "እማማ፣ ጋቢና ይሁኑ፣ እግርዎን ይዘርጉ" ብሎ ወንበሩን ወደኋላ ገፋላት። ቡሬ ላይ ማንም ሳይነግረው ቆመ። ጉልበቷን እንድታፍታታ ብሎ ነው። ለዚህ ልጅ ከተስማማነው በላይ ብከፍለው አልቆጨኝም።

ሆቴሉ ላይ ግን ተቃጠልኩ። ደውዬ "ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ ሙቅ ውሃ ያለው" ብዬ ነበር። እሺ ብለውኝ ቀብዱን በቴሌብር ላክሁ። ስንደርስ የሰጡን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ያለው እሱ ብቻ ነው" አለኝ። እናቴ "ምን አለበት፣ ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ" ብላ ደረጃውን ጀመረችው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ትንፋሿ ይሰማኛል። አንጀቴ አረረ። ሻንጣውን አንስቼ፣ እሷን ደግፌ ወረድን። ቀብዱ አልተመለሰልኝም። የከነከነኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንድ ሰው "ይቅርታ እማማ" ቢላት ኖሮ እዚያው መፍትሔ እንፈልግ ነበር።

ሹፌራችን ከአስፋልቱ ገባ ያለች አንዲት ፔንሲዮን ወሰደን። ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ምድር ላይ ናቸው፤ በራቸው ወደ ግቢው ነው። ባለቤቷ ሴትዮ ገና በሩ ላይ የእናቴን ጉልበት አየች። ምንም ሳትጠይቅ ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ የሆነውን ክፍል ከፈተችልን። ኮሶበር ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ የሄድነውም በጥቅምት። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ለምን እንደሆነ እዚያ ሲመሽ ይገባችኋል። አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አለ። ሴትዮዋ ግን "እማማን አይበቃቸውም" ብላ ከራሷ ቤት ቡልኮ አምጥታ ደረበችላት። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው አልሠራም። ጠዋት በባልዲ የሞቀ ውሃ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው የረቡዕን ቁርስ ነው። ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር ነው፤ እንቁላል በዳቦ። ሰዓቱ ደግሞ እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ እስከ 9 ሰዓትም እህል አትቀምስም። እኔ ለመናገር እንኳ አላሰብኩም ነበር። ሴትዮዋ ግን ማክሰኞ ማታ መጥታ "ነገ ረቡዕ ነው፤ እማማ ስንት ሰዓት ይፈታሉ?" ብላ ጠየቀችን። በማግስቱ ከሐይቁ ስንመለስ 9 ሰዓት ላይ ሱፍ ፍትፍትና የተቀቀለ ድንች፣ ከዳጣ ጋር ቀረበላት። ድንቹ የዚያው አገር ነው፤ ሲላጥ ይፈረፈራል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሆቴል አድሬያለሁ። የእናቴን ጾም አስቦ ያቆየላት ቤት ግን ይህ ብቻ ነው።

ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይቆማል። ጥሬ ብር ያዙ።

ዘንገና ከኮሶበር ወደ ከሳ ሲኬድ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። እሳተ ገሞራ ትቶት የሄደ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ነው ሐይቅ የሆነው። ክብ ነው፤ ዙሪያው ዛፍ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው፤ በሀገራችን ከሻላ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥልቅ ሐይቅ ይባላል። ከዳሩ ጀምሮ ስለሚጠልቅ ዋና እንዳታስቡ፤ ልጆች ካሏችሁ እጃቸውን ያዙ። ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ መደገፊያ የለውም። መጸዳጃ ቤትም ፈልጌ አላገኘሁም። ለአዛውንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ ጥቂት የድንጋይ ደረጃና የእጅ መያዣ ቢሠራ ስንት እናትና አባት እዚያ ይወርዱ ነበር!

መንገድ የሚያሳየን ወጣት እናቴን አየና "ትንሽ ይጠብቁኝ" ብሎ ሮጠ። ቀርከሃ ይዞ መጣ። አካባቢው የቀርከሃ አገር ነው፤ ወንበሩም አልጋውም ከሱ ይሠራል። ልጁ ቁጭ ብሎ አንጓዎቹን አንድ በአንድ በቢላዋ ፋቃቸው። መዳፏን እንዳይወጋት ጫፉን በራሱ መዳፍ ደጋግሞ ሞከረው። ከዚያ "እንኩ እናቴ" ብሎ ምርኩዙን በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ በግራ እጇ ምርኩዙን፣ በቀኟ የእሱን ክንድ ይዛ፣ እያረፈች ወረደች። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ምንም የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

ውሃው ዳር ስትደርስ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች። አማተበች። ፊቷን ሦስት ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን ዝም ብላ አየችው። ብዙ ቆይታ "ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ነበርህ?" አለችው። እኔን ያለችኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሐይቁን ነው።

ግሽ ዓባይም ልንሄድ አስበን ነበር። ወደ ጠበሉ የሚቀረበው ምግብ ሳይቀመስ ነው፤ እሱ ለእናቴ ችግር አልነበረም። ጉልበቷ ግን ቁልቁለቱን ከወጣች በኋላ ዕረፍት ፈለገ። ተውነው። በ3 ሌሊት ሁሉን ማየት አይቻልም። ባይሆን ሐይቁ ጋ ሁለት ጊዜ ሄድን።

በመጨረሻው ማታ ሴትዮዋ ቡና እያፈላች ስለ አገው ፈረሰኞች አወራችን። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቹ አጊጠው ይወጣሉ፤ አድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው የሚታሰቡበት ቀን ነው። ያን ሰሞን በከተማው አልጋ እንደማይገኝ ነገረችን። እናቴ ምንም አላለችም። ቤት ከተመለስን በኋላ ግን ምርኩዟን ከበሩ ጀርባ እያስቀመጠች "ጥር 23 ምን ቀን ነው የሚውለው?" ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ያኔ ጀርመን ነኝ። ወንድሜ ይዟት ይሄዳል። ለሴትዮዋ ደውዬ ያንኑ ክፍል አስያዝኩ። ቀብድ ልላክ ስላት "የእማማ ክፍል እኮ ነው፣ ምን ቀብድ ያስፈልጋል" አለችኝ።