የሃይሉክስ ፎር ዊል፦ አገባቡ ቀላል፣ አወጣጡ ጥንቃቄ የሚፈልግ

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የቶዮታ ሃይሉክስ ትውልድ ላይ ያለው ባለ ማዞሪያ ፎር ዊል ለአያያዙ በጣም ምቹ ነው። ከኤች 2 (በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳበት) ወደ ኤች 4 (በአራቱም ጎማ የሚነዳበት) እየሄዱ ይገባል፤ ፍጥነት ቀንሶ፣ መሪ ቀጥ አድርጎ፣ ነዳጁን ለቀቅ ማድረግ ይበቃል። ጎማ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ ግን ማዞሪያው አይነካ።

ኤል 4፣ ማለትም ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ፣ ጉልበቱን ከ2.5 እጥፍ በላይ ያሳድጋል። ለእሱ መኪናው ጨርሶ ይቁም፣ ፍሬን ይያዝ፤ ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ይረገጥ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፎሌ ይሁን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፎር ዊል መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ሳያቆም መነሳት ጥርስ ያንኳኳል።

ድክመቱ መሃል ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል፣ አለመኖሩ ነው። በደረቅ አስፋልት በኤች 4 ሲታጠፉ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት ስለማይሄዱ ሲስተሙ ይወጠራል፣ መሪው ይከብዳል፤ ወደ ኤች 2 ቢመልሱትም መብራቱ አልጠፋ ይላል። ማዞሪያውን ደጋግሞ ማገላበጥ ዋጋ የለውም። ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ውጥረቱን ይለቀዋል።

ቶዮታ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል መንዳት ይመክራል፤ የፊቱ ክፍል ዘይት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ኮረኮንች ላይ ሦስቱንም አስገብታችሁ፣ አውጥታችሁም ሞክሩ።