የልጆች ጅምናስቲክ ደሴ ላይ፦ ውድድር ቡድን ትግባ ወይስ ጀማሪ ትቆይ?

ልጄ ጅምናስቲክ ከጀመረች ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ትምህርት ቤት በር ላይ የማገኛቸው እናቶችም ስለሚጠይቁኝ አንዴ ዘርዘር አርጌ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው። የምላችሁ ሆጤ አካባቢ ያለውን የልጆች ስልጠና ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች እነግራችኋለሁ። ግን ሰው የሚጠይቀኝ ቦታው ጥሩ ነው ወይ ብሎ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ "ውድድር ቡድን ላስገባት ወይስ ከጀማሪዎቹ ጋር ትሁን?" የሚለው ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ እሱ ላይ ረዘም አርጋለሁ።

መጀመሪያ አሰራራቸውን ልንገራችሁ። ሶስት ቡድን አላቸው። ጀማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰአት። ቀጥሎ የትርዒት የሚባል አለ፣ ሰርከስ ነገር ነው፣ ልጆቹ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆመው ፒራሚድ የሚሰሩበትና በዓል ሲሆን ለህዝብ የሚያሳዩበት። ሶስተኛው ውድድር ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰአት፣ ክልል ላይ ውድድር ሲኖር የሚሄዱት እነዚህ ናቸው። የጀማሪው ክፍያ ለትምህርት ቤት ሰርቪስ ከምንከፍለው ያንሳል፣ የውድድሩ ከፍ ይላል ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የነበረውን ፕሮግራም መድረሳ የሚሄዱ ልጆች ስላሉ ወላጅ ሲጠይቃቸው ወደ ከሰአት አዙረውታል፣ እሁድ ጠዋትንም ቤተክርስቲያን የሚሄድ አለ ብለው አይነኩትም፣ እንደዚ ሰው የሚሰማ ሲገኝ ደስ ይላል ወላሂ።

በጣም የወደድኩት ግን አሰልጣኙ ልጅቱን ሲቀበላት ያረገውን ነው። ብዙ ቦታ ልጅ ስትወስዱ መጀመሪያ "እስኪ ስፕሊት ውረጂ" ነው የሚሏት፣ ሁለት እግሯን ዘርግታ መሬት ድረስ እንድትወርድ ማለት ነው፣ ሰውነቷ ተለጣጭ ከሆነ ወዲያው "ይቺ ለውድድር ናት" ብለው ወላጁን ያስጎመጁታል። ይሄኛው ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አቆማትና ዝለይ አላት። ዘለለች፣ እግሯ ድም ብሎ አረፈ። "አሁን ድምጽ ሳታሰሚኝ ድገሚው" አላት፣ ደገመችው፣ ግን ስታርፍ ሁለቱ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ተጠጋጉ። እኔን "እህቴ ልያዛት?" ብሎ ጠየቀኝና ተንበርክኮ ጉልበቷን ትንሽ ወደ ውጪ አቀናላት፣ የእግሯን ጣቶች ፊት ለፊት እንዲያዩ አረገና "ጉልበትሽ በጣትሽ በኩል ይታጠፍ፣ መጀመሪያ የእግርሽ ጫፍ ከዛ ተረከዝሽ" እያለ እሱም አብሯት እየዘለለ አሳያት። እየደጋገመች ስትሄድ ድምጹ እየቀነሰ ሲመጣ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ይታወቀኝ ነበር። ከዛ ወደኔ መጥቶ "መለጠጥ በልምምድ ይመጣል፣ እኔ የማየው አስተራረፏንና የነገርኳትን ሰምታ ማስተካከል መቻሏን ነው፣ ለጊዜው ጀማሪ ውስጥ ትቆይ፣ ስትደርስ እኔው እነግራችኋለሁ" አለኝ። ለውድድሩ ቡድን የበለጠ እንደሚከፈል እያወቀ ነው እንግዲህ እንደዛ ያለው።

ከዚ በፊት ያየነው ሌላ ቦታ ነበረ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዛ አንዲት ትንሽ ልጅ ስፕሊት ላይ እያለች አሰልጣኙ ከኋላ ትከሻዋን ተጭኖ ወደታች ሲገፋት ልጅቱ እያለቀሰች እናቷ ደሞ ዳር ቆማ "በርቺ" ስትላት አየሁና ልጄን ይዤ ወጣሁ። ልጅ የሚለጠጠው በራሱ አቅም ቀስ እያለ ነው፣ በግድ ሲገፋ ጡንቻም ጅማትም ሊበጠስ ይችላል፣ ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አባቷ ግን ጀማሪ ትቆይ ሲባል ቅር አለው። "7 አመት ሞላት እኮ፣ አሁን ካልገባች መቼ ልትገባ ነው፣ ኮማኔቺ በ14 አመቷ ነው 10 ያመጣችው" ይለኛል። እውነት ነው፣ የሮማኒያዋ ናዲያ ኮማኔቺ በፈረንጆቹ 1976 ሞንትሪያል ላይ ሙሉ 10 ስታመጣ ገና 14 አመቷ ነበር፣ ሰሌዳው 10 ማሳየት ስላልቻለ 1.00 ብሎ ነው ያወጣው። ግን ያኔና አሁን አንድ አይደለም አልኩት። ከፈረንጆቹ 1997 ጀምሮ አንዲት ልጅ በትልልቆቹ ኦሎምፒክ ላይ ለመወዳደር በዛ አመት ውስጥ 16 የሚሞላት መሆን አለባት። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ የጀመረችው በ6 አመቷ ነው፣ ፓሪስ 2024 ላይ ወርቅ ስትወስድ ደሞ 27 አመቷ ነበር። ቹሶቪቲና የምትባለዋ የኡዝቤኪስታን ሴት ከ1992 እስከ ቶኪዮ ድረስ 8 ኦሎምፒክ ላይ ቀርባለች፣ ቶኪዮ ላይ 46 አመቷ ነበር። በዛው ፓሪስ ላይ ደሞ የአልጄሪያዋ ካይሊያ ነሙር በባር፣ ዘንግ ላይ እየተንጠለጠሉ በሚሰሩት፣ ወርቅ ወስዳ በጅምናስቲክ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ስትሆን አብረን ነው በቲቪ ያየነው፣ እሷም 17 አመቷ ነበር። ታድያ የ7 አመት ልጅ ምን አመለጣት?

ነገሩን ይበልጥ የገባኝ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ስትነግረኝ ነው። እዛ አሜሪካ ልጅ መወዳደር ሲፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከደረጃ 1 እስከ 10 የሚሄደው ነው፣ እስከ 5 ድረስ ሁሉም ልጅ አንድ አይነት እንቅስቃሴ ባንድ አይነት ሙዚቃ ነው የሚሰራው፣ ከ6 ጀምሮ የራሱን ያዘጋጃል፣ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ሰአቱም ወጪውም ይከብዳል። ሁለተኛው ኤክሴል ይሉታል፣ ከብሮንዝ ጀምሮ እስከ ሳፋየር የሚሄድ፣ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሚችለው መርጦ ነው የሚሰራው፣ ሰአቱም ብዙውን ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ለትምህርቱም ለሌላ ስፖርትም ጊዜ ይተርፈዋል። የእህቴ ልጅ ኤክሴል ውስጥ ናት፣ ሜዳሊያም አላት፣ መጀመሪያ እህቴም ይሄኛው የሰነፍ መንገድ ይሆን እያለች ትጨነቅ ነበር፣ ልጅቱ ግን እየሳቀች ሄዳ እየሳቀች ነው የምትመለሰው። ዋናው ነገር ደሞ ከአንዱ ወደ አንዱ መሻገር ይቻላል። የኛም ቦታ ስም አያውጣለት እንጂ እንደዛው ነው የሚሰራው። ውድድር ገብታ የከበዳት ልጅ ተመልሳ ጀማሪ ውስጥ ስትሰራ አይቻለሁ፣ ማንም አላሸማቀቃትም፣ አሰልጣኙ ፊት ላይ አቁሞ ለትንንሾቹ እንድታሳይ ነው ያረጋት።

ሰአቱን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ለልጆች የሚመክሩት ባንድ ስፖርት ላይ በሳምንት የሚሰሩት ሰአት ከእድሜያቸው ቁጥር እንዳይበልጥ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን እረፍትም እንዲኖራቸው። የኛ ውድድር ቡድን በሳምንት 10 ሰአት ነው፣ ስለዚ ለ10 አመት ልጅ ይሆናል፣ ለ7 አመት ልጅ ግን ይበዛል፣ ነገሩ ይሄው ነው፣ አባቷንም ያሳመነው ይሄ ስሌት ነው። የልጅ አጥንት ጫፍ ጫፉ ላይ ገና እያደገ ያለ ለስላሳ ክፍል አለው፣ በእጅ መቆምና መገለባበጥ ሲበዛ የእጅ አንጓ ላይ፣ ዝላይ ሲበዛ ተረከዝ ላይ ይጎዳል። ልጃችሁ አንጓዬን አመመኝ ካለች "ይለመዳል" አትበሏት፣ አሳርፏት፣ ካልተሻላት ሐኪም ጋ ውሰዷት። አሰልጣኙ በዚ በኩል ጎበዝ ነው፣ ሁሌ ስልጠና ከመጀመሩ በፊት አንጓውን የሚያመው ማነው ብሎ ይጠይቃል፣ እጅ ያወጣው ልጅ የዛን ቀን ሆድና እግር ብቻ ነው የሚሰራው። ረመዳን ላይም ለመጾም የሚሞክሩ ልጆች ስላሉ ዝላዩን ትቶ ሚዛን መጠበቅና መለጠጥ ላይ ያተኩራል።

ልብሱን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላቸው። እግር የሚያሳየው ልብስ ግዴታ አይደለም እዚ፣ ልጄ ጠበቅ ያለ ሙሉ ሱሪና እጅጌ ያለው ቲሸርት ነው የምትለብሰው። ትልቁም ውድድር ላይ ቢሆን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ይፈቀዳል፣ የጀርመን ሴቶች ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ እሱን ለብሰው ነው የተወዳደሩት። አያቷ ይሄን ስነግራት ነው የተረጋጋችው። ሰፊ ልብስ ግን አታልብሷቸው፣ ሲገለበጡ ፊታቸው ላይ እየወደቀ ያደናቅፋቸዋል።

በሩ ደሞ ሁሌ ክፍት ነው፣ ወላጅ ገብቶ ዳር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ይሄን እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩት አደራ። አሜሪካ ውስጥ የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም የነበረው ሰውዬ በፈረንጆቹ 2018 ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ናቸው ፍርድ ቤት ቀርበው ያደረሰባቸውን ጾታዊ ጥቃት የተናገሩት፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ነው የተጎዱት። ወላጅ አይግባ የሚል ቦታ ካያችሁ ስንት ሜዳሊያ ቢደረድርላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ጉድለቱን። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በመጀመሪያ በእቃው ነው። የሴቶች ጅምናስቲክ ውድድር አራት እቃ ነው፣ ቮልት (ሮጦ መጥቶ የሚዘለልበት)፣ ከፍና ዝቅ ያሉት ሁለት ባሮች፣ ቢም (ቀጭን ጣውላ ላይ የሚሰራው) እና ፍሎር (ወለሉ ላይ የሚሰራው)። እዚ በደንብ የሚሰራው ፍሎርና ቢም ብቻ ነው። ባሩ አንድ የብረት ቱቦ ነው፣ ቮልት ጭራሽ የለም፣ ለወንዶቹም ቀለበትና ፖሜል ሆርስ (በእጅ ተደግፈው እግር የሚያዞሩበት እጀታ ያለው እቃ) የለም፣ ስለዚ ውድድር ቡድን ሲባል በዋናነት የፍሎር ቡድን ማለት መሆኑን አውቃችሁ ግቡ። ቢሙን ራሳቸው ናቸው የሰሩት፣ ጣውላ ላይ ምንጣፍ ወጥረው፣ ወርዱ ልክ እንደዋናው 10 ሳንቲም ነው፣ ከፍታው ግን ከመሬት ስንዝር ቢሆን ነው፣ የዋናው 1 ሜትር ከ25 ነው። ለትንንሾቹ ይሄ እንደውም ጥሩ ነው፣ ቢወድቁም አይጎዱም፣ ለትልልቆቹ ግን አይበቃም።

ሌላው ፍራሾቹ ተያይዘው የታሰሩ አይደሉም፣ ልጆቹ ሲሮጡ እየተንሸራተቱ መሀላቸው ክፍተት ይፈጠራልና ጣት ይገባበታል፣ ይሄን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ በማጣበቂያ እናስይዘዋለን ብለው እስካሁን አላረጉትም፣ ባስቸኳይ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ በጣም ይበዛሉ፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ረዳት አይበቃም፣ በእጅ ሲቆሙ አጠገባቸው ሆኖ የሚደግፋቸው ሰው ሁሌ መኖር አለበት። ሴት ረዳትም ቢቀጥሩ ብዙ እናት ደስ ይላታል። ክረምት ላይ ደሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አሰልጣኙ የሚለው አይሰማም፣ በፊሽካ ነው የሚግባቡት፣ የጦሳን ብርድ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ሹራብና ካልሲ አስይዟቸው፣ ሰውነታቸው እስኪሞቅ ሹራቡን እንዳያወልቁ።

እንግዲህ የኔን ሀሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ከ6 እስከ 9 አመት ያለች ልጅ ካለቻችሁ ጀማሪ ውስጥ አስገቧትና አትቸኩሉ። 10 አመት ሲሆናት፣ እሷ ራሷ ቤት ውስጥ በየግድግዳው በእጇ እየቆመች ካስቸገረቻችሁ፣ አሰልጣኙም ደርሳለች ካለ፣ ያኔ ውድድር ትግባ። መድረክ የምትወድ፣ ከሰው ጋር መስራት ደስ የሚላት ከሆነች ደሞ የትርዒቱን አትናቁት፣ እዛ ያሉት ልጆች የሚሰሩት ቀላል አይደለም፣ ብቻ ፒራሚዱ ላይ ከላይ የምትወጣው ትንሿ ልጅ ስለሆነች ከስር ፍራሽ መነጠፉን በአይናችሁ አረጋግጡ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሀረጎን ወጥቶ ለመምጣት በሳምንት ሁለት ቀን ይቻላል፣ የሚያመላልሱ ወላጆች አሉ። አምስት ቀን ግን ለትንሽ ልጅ አይሆንም፣ ሚኒባስ ውስጥ ተኝታ ነው ቤት የምትገባው፣ የቤት ስራውስ መቼ ይሰራል። ምዝገባው ወር በገባ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልጅቱን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ቀን ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ይፈቅዳሉ።