ፖፕላር ደሴት (ሜሪላንድ) ጉብኝት፦ ከወደቡ የወጣው ጭቃ ደሴት ሲሆን

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ጉብኝት አያምልጣችሁ። ነፃ ነው። ቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ ቲልግማን ደሴት ትሄዳላችሁ፣ ከዛ በጀልባ ያሻግሯችኋል፣ ደሴቱ ላይ ደሞ በአውቶቡስ እየዞራችሁ ያስረዷችኋል። አስቀድሞ መመዝገብ ግን ግድ ነው፣ ዝም ብሎ ተነስቶ መሄድ የለም።

ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለው ይሄ ደሴት በ1847 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ1,100 ኤከር በላይ ነበር፣ ሰው ይኖርበት ያርስበት ነበር፣ በኋላም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና ትሩማን እረፍት ይወጡበት ነበር። ውሃው እየበላው እየበላው 1990ዎቹ ላይ የቀረው 5 ኤከር ገደማ ነው በቃ። በሌላ በኩል የባልቲሞር ወደብ ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡለት የመርከብ መተላለፊያውን 50 ጫማ ጥልቀት ላይ መያዝ አለበት፣ ደለሉ ደሞ መምጣት አያቆምም፣ ስለዚ ሁሌ መቆፈር ነው። የወጣው ጭቃ የት ይሂድ? ድሮ ብዙ ጊዜ እዛው ባሕሩ ውስጥ ነበር የሚደፋው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮርና የሜሪላንድ ወደብ አስተዳደር ሁለቱን ችግር አንድ ላይ አምጥተው 1998 ላይ ሥራ ጀመሩ፣ ጭቃው መግባት የጀመረው 2001 ነው። ሲያልቅ 1,715 ኤከር ይሆናል።

እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን በአሸዋና በትላልቅ ድንጋይ ክትር ይሠራሉ፣ ውስጡን ደሞ ይከፋፍሉታል። ጭቃው ባርጅ በሚባል ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ይመጣና ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በቱቦ ይገፋል፣ ከዛ ይዘቅጣል፣ ከላይ የሚጠራው ውሃ ጥራቱ እየታየ ይለቀቃል። ከዛ በኋላ መጠበቅ ነው። አዲስ የተሞላው ቦታ ላይ ላዩ ደርቆ ትላልቅ ስንጥቅ ያወጣል፣ ጠንካራ መሬት ይመስላል ግን ከሥሩ ገና ለስላሳ ስለሆነ ኤክስካቫተር ቦይ እየቀደደ ያንጠፈጥፈዋል። ሲረጋ ያስተካክሉትና የውሃ መስመር ቀደው ሣር ይተክሉበታል፣ በመጨረሻም ክትሩን ከፍተው የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ እያለ እንዲገባ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ያለቀውን ረግረግና ያልደረቀውን ጭቃ አንድ ላይ ስታዩት ነው ነገሩ የሚገባችሁ፣ በወረቀት ቢነገራችሁ እንዲህ አይገባም።

አንድ ጥሩ ነገር ደሞ፣ ዝም ብሎ ያገኙትን ጭቃ አይደለም የሚያመጡት። ከተማው ሥር ያለው የወደቡ የውስጥ ክፍል ለዘመናት ፋብሪካ የነበረበት ስለሆነ የሱ ጭቃ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ፖፕላር የሚመጣው ከውጭ ካለው መተላለፊያ ነው።

ልጆች ካላችሁ ኤሊዎቹን ይወዷቸዋል። ቴራፒን የሚባሉት ኤሊዎች አሸዋው ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚፈለፈሉት ልጆች ኳርተር ሳንቲም ያክላሉ። የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹን ክረምቱን ክፍል ውስጥ አሳድገው ሲጠነክሩ መልሰው ይለቋቸዋል። ወፉም ብዙ ነው።

ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ጠቅላላው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እኔ ግን ይገባዋል ባይ ነኝ፣ ጭቃውን ለመጣል ብቻም ገንዘብ ይወጣ ነበርኮ። የሚያሳስበኝ ላይኛው ተፋሰስ ነው። ለባሕረ ሰላጤው ግማሽ ያህሉን ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ሰስኩዌሃና ወንዝ ላይ 1928 የተሠራው ኮኖዊንጎ ግድብ ድሮ ደለሉን ይይዝ ነበር፣ አሁን ግን ሞልቷል ማለት ይቻላል፣ እንደ 1972ቱ የአግነስ አውሎ ነፋስ ዓይነት ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ደሞ የተጠራቀመውም ጭምር ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚ የፔንስልቬንያ ገበሬ ማሳ፣ ግድቡ፣ ወደቡና ደሴቱ አንድ ሂሳብ ናቸው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እያለ ያደገ፣ ቆቃ በደለል እንደተጎዳ የሰማ የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፣ በተለይ እዚህ ያላችሁ የውሃና የሲቪል መሐንዲሶች ሄዳችሁ እዩልኝ።

ከኔ 5 ኮከብ። ጥላ እንደልብ ስለሌለ ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ አስጎብኚዎቹን ደሞ ከፖፕላር ቀጥሎ ስለታሰቡት ጄምስና ባረን ደሴቶች ጠይቋቸው፣ ፖፕላር ሲሞላ የወደቡ መተላለፊያ ጭቃ በዋናነት እንዲሄድ የታሰበው ወደ ጄምስ ነው።