ሐዋሳ ላይ 8,000 ብር የከፈልንበት የኮሌጅ ማመልከቻ ማማከር

ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። አሜሪካ ኮሌጅ በስኮላርሺፕ ማመልከት ይፈልጋል። ውጤቱ ጥሩ ነው። እንቅልፍ የነሳን ሌላ ነገር ነበር፤ ከክፍል ውጪ የሚሠራው ምንም የለም ብለን ነው የተጨነቅነው። ክበብ የለ፣ ውድድር የለ፣ ሜዳሊያ የለ። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሆነ ይሄ ነገር ይጠየቃል ብሎ አስቀድሞ የነገረን ሰውም አልነበረም። ሲጨንቀን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የማማከር ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም።

ጥሩውን ላስቀድም። ቀኖቹን በደንብ አስረድተውናል። ኮመን አፕ የሚባለው፣ በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚላከው የኢንተርኔት ማመልከቻ በየዓመቱ ሐምሌ 25 ይከፈታል፣ ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋሉ። የማመልከቻ ክፍያ ለከበደው ተማሪ ክፍያው እንዲነሳለት መጠየቅ እንደሚችልም ነግረውናል። ኢንተርኔታቸው ፈጣን ነው።

ከዚያ አማካሪው የልጁን ወረቀት አገላበጠና "ይሄ እኮ ባዶ ነው" አለው፣ እዚያው ፊቱ ላይ። ማመልከቻው ላይ ከክፍል ውጪ ለሚሠራ እንቅስቃሴ 10 ቦታ አለ፣ አሥሩም መሞላት አለበት አለን። 5,000 ብር ብንጨምር የበጎ ፈቃድ ሰርተፍኬት "እናመቻቻለን" ሲለኝ ብድግ አልኩ። ማመልከቻው ሲላክ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው ተብሎ ይፈረማል። ውሸት ከተገኘ የተገኘው ቅበላ ሊሰረዝ ይችላል። ይሄንን እያወቀ ነው የ17 ዓመት ልጅ እንዲፈርም የሚፈልገው?

ቤት ገብተን የኮመን አፕ አካውንቱን ራሳችን ከፈትን። ነጻ ነው። የእንቅስቃሴ ዓይነት ምረጡ በሚለው ዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል አለ። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም አለ። 8,000 ብር ከፍለን ይቺን የነገረን የለም!

ወንድሜ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከእናታችን ጋር አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጀልባ ይረከባል፣ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ከዚያ ታጥቦ ትምህርት ቤት ይሮጣል። የዱቤ ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው። ጠርዙ በዘይት ወዝቷል፣ ገጾቹ መሀል የደረቀ ቅርፊት ተጣብቋል፣ ማን ስንት እንደቀረበት ግን በየስሙ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ባዶ የተባለው እንግዲህ ይሄ ልጅ ነው።

ለአንድ እንቅስቃሴ መግለጫ የሚፈቀደው 150 ሆሄ ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ሦስት ማታ ፈጀብን። መጀመሪያ "እናቴን አግዛለሁ" ብሎ ብቻ ነበር የጻፈው። በሳምንት ስንት ሰዓት የሚለው ላይ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ደመረ፤ 14 ሰዓት። እሱም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ነው የዱቤውን ሒሳብ፣ ከአጥማጆቹ ጋር ዋጋ መደራደሩን አንድ በአንድ ያስገባው። በመጨረሻ የሞላነው 4 ነው፦ ዓሣው፣ ለታናናሾቻችን ሒሳብ ማስጠናቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የሰፈር ኳስ። ታዋቂው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እንኳን በራሱ ማመልከቻ ላይ ቦታ የሚሰጠው ለአራት ነው።

ይግባ አይግባ ገና አናውቅም። ለቢሮው ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱም ለቀኖቹ። ሰርተፍኬት መሸጡን ትተው የሚመጣውን ልጅ "ጠዋት ምን ስትሠራ ትውላለህ?" ብለው መጠየቅ ከጀመሩ ታናሿን ይዤ እሄዳለሁ።