ጭልፊቱን ሳትወስጂ ስለሄድሽ እናመሰግናለን

ይህን የምጽፈው የተጎዱ አእዋፍን የምታክም አንዲት ባለሙያን ለማመስገን፣ ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለነገረችኝ ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ፎቃችን አናት ላይ ጎጆ የሠሩት ጭልፊቶች ልጆቻቸው ለመብረር ደርሰው ነበር። አንደኛው መኪና ማቆሚያው ላይ ወርዶ ተገኘና ጎረቤቱ ሁሉ ከበበው፤ ካርቶን የያዘ አለ፣ ሥጋ የቆረጠ አለ፣ በክዳን ውኃ ያመጣም አለ። ስንደውልላት መጀመሪያ ያለችን "አትንኩት፣ ራቅ በሉ፣ ውሻና ድመት ያላችሁ አስገቡ" ነው። ከዚያ ጥያቄውን አከታተለችው። ሁለቱ ክንፎቹ እኩል ታጥፈዋል? በእግሮቹ ይቆማል? ደም አለው? ዝንብ ወሮታል? ሰው ሲጠጋው ያፈጣል ወይስ ዓይኑን ይከድናል?

መጥታም ከሩቅ በመነጽር ነው ያየችው። አናቱ ላይ ገና የጫጩትነት ላባ አለ፣ ጅራቱ አጭር ነው፣ ስንጠጋው በጀርባው ተንጋሎ ጥፍሩን ይዘረጋል። "ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው" አለች። በረራ የሚጀምር ጭልፊት ማረፉን ገና ስለማያውቅበት መሬት ላይ መዋል ያለ ነገር ነው። ባለ ቀይ ጅራቱ ጭልፊት ለምሳሌ ከተፈለፈለ 6 ሳምንት ሲያልፈው ጎጆውን ይለቃል፤ ወላጆቹ ግን ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ይመግቡታል። መኪና እንዳይጨፈልቀው ብቻ ፎጣ ጣል አድርጋ አነሳችውና አጥሩ ላይ አስቀመጠችው። የሰው እጅ የነካውን እናቱ ትተዋለች የሚባለውን ስናነሳባት ሳቀች፤ ወሬ ነው። አመሻሹ ላይ እናቱ አይጥ ይዛለት መጣች።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ይዛው ብትሄድ ሁላችንም አጨብጭበን በሸኘናት ነበር፤ እሷ ግን ጤነኛ ልጅ ከወላጆቹ መንጠቅ እርዳታ አይደለም ብላ ባዶ እጇን ሄደች።

እህቱ መስታወት ገጭታ አንድ ክንፏ ሲንጠለጠል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። (ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ይሄንንም የነገረችን እሷ ናት።) እስክትደርስ በስልክ መራችን፦ በወፍራም ፎጣ ከነጭንቅላቷ ሸፍኗት፣ ጨለማ ያረጋጋታል፤ የሚያሰጋው ከመንቆሯ ይልቅ ጥፍሯ ነው፤ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ጸጥ ያለ ቦታ አኑሯት፤ ምግብም ውኃም እንዳትሰጧት፣ በአፏ የሚጨመር ውኃ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ወስዳ አከመቻት፣ ስትድንም እዚሁ ጎጆዋ አጠገብ ለቀቀቻት። አደኑን ከወላጆቿ መማር አለባት ነው የምትለው።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ!

ሌላ ከተማ ያላችሁ ፈቃድ ያለው የዱር አእዋፍ ባለሙያ ስልክ ካሁኑ ያዙ። "ቤቴ አሳድገዋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁም አስቁሙት፣ በብዙ አገሮች በሕግ ክልክል ነው። እሷ በበኩሏ ከእኛ የጠየቀችው የአይጥ መርዝ እንዳንበትን ብቻ ነው፤ መርዝ የበላ አይጥ የሚበላውን ጭልፊትም ይገድላል። ከግቢያችን አንስተናል።