የአበባን የዘር ሐረግ ለመቁጠር ድንጋይ ይሻላል ዲኤንኤ?

እዚህ ሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ድንጋዩን ሰንጠቅ ሲያረጉት ቅጠል ከነመስመሩ ቁጭ ብሎ ይገኛል፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው! ቅሪተ አካል ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፣ በዓይንህ ታየዋለህ። ግን ለአበባ አጀማመር ሙሽ ራሱ የትናንት ነው፣ የጥንቶቹ የአበባ ብናኞች 130 ሚሊዮን ዓመት ይሻገራሉ፣ ከዛ ወደኋላ ድንጋዩ ጭጭ።

ዲኤንኤ ደግሞ ዝምድናውን ፍርጥ ያረገዋል፣ ኒው ካሌዶኒያ ደሴት ላይ ብቻ የምትበቅለው አምቦሬላ የምትባል ቁጥቋጦ ከሌሎቹ አበባ አውጪዎች ሁሉ ቀድማ እንደተለየች በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳየው እሱ ነው፣ መልኳን አይተህማ መቼም አትገምትም። ዕድሜ ላይ ግን አላምነውም፣ አንዳንዱ ስሌት 200 ሚሊዮን ይላል፣ ደሞ የዲኤንኤ ለውጥ እየቆጠረ ዕድሜ የሚገምተውን ሰዓት የሚሞሉት ያው በቅሪተ አካል ነው እኮ።