በሳሙና መታጠብ ወይስ እጅን በአልኮል ማሸት?

ከልደታ እስከ ፒያሳ ባሉት የመሀል አዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ሆነ በሌላው ዓለም፣ ታካሚው ሲገባ ያልነበረበት ኢንፌክሽን በዋናነት የሚተላለፈው በእጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በውኃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ሲፈጅ፣ በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ የአንዱን ታካሚ ቁስል አሽጋ ወደ ቀጣዩ አልጋ ለምትሻገር፣ መታጠቢያውም ከኮሪደሩ ጫፍ ለሆነባት ነርስ ወሳኝ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ደግሞ፣ ቧንቧው ሲደርቅ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለው ጠርሙስ አገልግሎቱን አያቋርጥም። ፈሳሹንም 80 በመቶ ኢታኖል እንዲኖረው አድርጎ፣ ከግሊሰሮልና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር እዚያው ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሳሙና የግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። እጅ ላይ ደም ወይም ሌላ ቆሻሻ ከታየ አልኮል አይበቃም፤ ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትለውን የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ባክቴሪያ ስፖርም (ባክቴሪያው በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚቆይበትን ቅርጽ) አይገድልም።

ስለዚህ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ አልኮልን አስቀድማለሁ፤ ጓንት ግን የሁለቱንም ቦታ አይተካም። ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡት አስታማሚዎች፣ ታካሚውን የሚያገላብጡትም የሚያጎርሱትም እነሱ ስለሆኑ፣ ጠርሙሱም ሳሙናውም ለእነሱ ጭምር ሊደርስ ይገባል።